ያልለቀቀው እንሶስላ

እንሶስላ በማሞቅ ሳሊሐን የሚስተካከላት ኡካ ከተማ ውስጥ አልተገኘም። ሥሩን ቀጥቅጣ፣ በእጇ አሽታ፣ የሙሽሪት መዳፍ ላይ ለጥፋ ትጠቀልለዋለች። የራሷ መዳፍ ታዲያ ዓመት ከዓመት ቀይ ነው፤ ልብ ብሎ ያየው የለም፣ እሷም ጭምር።

በረመዳን ሰርግ የለም፤ ሳሊሐም እንሶስላ ሳትነካ ከረመች። ጾሙ ተፈታ፣ ተከታዩ ወር ሸዋልም ተጋመሰ፣ የመዳፏ ቅላት ግን ወይ ፍንክች። ሽፍታ ሳይኖር ገላዋን ያሳክካት ጀመር። ደረቷ ላይም የሸረሪት እግር የመሰሉ ቀያይ ደም ስሮች ብቅ አሉ። ጎረቤቷ እትዬ ሻሽቱ ዓይን ነው አሏት፣ ባሏ ፈንታው ደግሞ ሳሙናው ነው አለ። ሰው መቼም ለሌላው ቆዳ ምክንያት አያጣም። ሳሊሐ አብራቸው ሳቀች። የአንድያ ልጇ የዙፋን ሰርግ አምስት ቀን ሲቀረው ግን፣ ለማንም ሳትናገር ሚኒባስ ተሳፍራ መቱ ሆስፒታል ሄደች።

ዶክተር ዱሬቲ መዳፏን አገላብጣ አየችና፣ «አዮ፣ እናቴ፣ እስኪ ይታጠቡ» አለቻት። ሳሊሐ ሦስት ጊዜ ታጠበች። አረፋው ነጭ ሆኖ ወረደ፣ መዳፏ ያው ነው። ዶክተሯ የደረቷን ቀይ ነጥብ በጣቷ ጫን ስትለው ጠፋ፤ ስትለቀው ተመልሶ መጣ። ሳሊሐ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

ደሟ ተመረመረ። ቫይረስ ነው፣ ጉበቷ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። የሚያዳክመው መድኃኒት እንዳለ፣ ቆዳ የሚናገረው ግን ጉበት ከተጎዳ በኋላ እንደሆነ ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ከዚያ ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት፤ ሳሊሐም አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻት ነገረቻት።

«በወሊድ ጊዜ ከእናት ሊተላለፍ ይችላል። ይዘዋት ይምጡ።»

ቤት ስትደርስ ዙፋን ሥሩን ቀጥቅጣ ጨርሳ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀቻት። ሳሊሐ ልጇን እጇን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አወጣቻት። መዳፎቿ ንጹሕ ናቸው። አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። በዚያ ዕድሜ የእሷም መዳፍ ንጹሕ ነበር።

«ነገ መቱ እንሄዳለን» አለች።

«ሰርጉ ደርሶ? እማ፣ ይልቅ አሙቂኝ።»

ሳሊሐ እንሶስላውን ገፋ አደረገችና የራሷን መዳፍ ከልጇ መዳፍ ጎን ዘረጋች።

«ይሄ እንሶስላ አይደለም» አለቻት።