ሦስት ጣት ዝቅ ያለ ወንበር

ሃያ ሦስት ቀን በአንድ ሚኒባስ ስንዞር ከርመን አንድ ቀን እረፍት አገኘን። ያን ቀን ሁላችንም የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፤ የሌላውን ፊት አለማየት። ያረፍንባት ከተማ ግን አንድ ጎዳና ብቻ ነበራት። ጠዋት ምላጭ ልገዛ ስወጣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ከዘፋኛችን ስለማይላቀቅ ሙጫ እንለዋለን።

«ተነሳህ እንዴ?» አለኝ። «እንደ ድራም ምትህ ስትጎተት የምትውል መስሎኝ ነበር።»

አልፌው ገባሁ። ሱቁም ምላጭ አልነበረውም።

ሁላችንም ጋሼ የምንለው ዘፋኛችን ከሳምንት ወዲህ ጥርሱን ነክሶብኛል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነው፤ መድረክ ላይ ለሕዝቡ ሲስቅ ያመሽና መኪና ውስጥ እኛን ይወጋናል። ከትናንት ወዲያ፣ «ድራም መቺ በየመንደሩ ሞልቷል» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ሹራቤን ትናንት ድራሙን የተከልንበት አዳራሽ ትቼው ነበርና ልወስደው ገባሁ። ድራሙ የራሴ ነው፤ አጎቴ ሲሞት የተወልኝ። አላስችለኝ አለና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሽቅብ ወጣ። ወንበሩ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። በግራዬ የማቆመው የናስ ሲምባልም ወደ ቀኝ ተሻግሯል።

«ዛሬ ጠዋት ማን ገብቶ ነበር?» አልኩት ዘበኛውን።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ክፈት ሲሉኝ እከፍታለሁ፣ ዝጋ ሲሉኝ እዘጋለሁ።»

የተቀመጠው ሰው አጭር ነው፤ ግራኝም ነው። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ የለም።

ከዚያ ልላጭ ፀጉር ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ድንክ ቢጤ ሰው ነው። ፊቴን አረፋ ቀባና ምላጩን በግራ እጁ አነሳ። ቀኝ ጉንጬን እየላጨ በእግሩ ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። የመጀመሪያ ዘፈናችን ምት ነው፤ መጨረሻው ላይ እኔ የጨመርኳትን ማጠፊያ ምት እንኳ አልሳታትም።

«እንግዳ ነህ?» አለኝ።

«ለሥራ መጥቼ ነው።»

«እኔም ለሥራ ልወጣ ነው። ከነገ ጀምሮ ከእነዚህ ዘፋኞች ጋር ነኝ። ድራም መቺያቸው እጁ ይንቀጠቀጣል አሉ፤ ወደ ቤቱ ሊሰዱት ነው። ምስኪን።»

ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ሁለቱን እጆቼን ከጨርቁ ስር አውጥቼ በመስታወቱ እንዲታዩት ዘረጋኋቸው። አልተንቀጠቀጡም።

«ወንበሩን ወደ ቦታው አልመለስከውም» አልኩት።

እግሩ ቆመ። እጆቼን አተኩሮ አያቸው። ከዚያ ቀሪውን አረፋ በፎጣ ጠርጎ ጨርቁን ከአንገቴ ገፈፈው።

«ተነስ።»

«ግማሹ ቀርቷል።»

«ሌላ ቦታ አስላጨው። እኔ ሁለት ልጅ አለኝ። ይህን ቤት ዛሬ ጠዋት ለወንድሜ አስረክቤያለሁ። ያንተን ነገር ከሰዎችህ ጋር ጨርስ።»

ለምሳ ሆቴል ስገባ ጋሼ፣ ሙጫና ፒያኖ ተጫዋቻችን አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ቀኝ ጉንጬ ጥርት ብሏል፤ ግራው የሳምንት ጢም ይዟል። አንድም ሰው አልሳቀም። ምን ሆንክ ያለኝም የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፒያኖ ተጫዋቿ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

«ያ ላጪ አፉ ሰፊ ነው» አለ ጋሼ በመጨረሻ።

«እጁ ይንቀጠቀጣል ብለህ አውርተህብኛል።»

«እጅህ ባይንቀጠቀጥ ልብህ ይንቀጠቀጣል። ሕዝብ ፊት አንገቱን የሚደፋ አልፈልግም። ጠዋት አውቶቡስ አለ።»

«ትኬቱን ቆርጬልሃለሁ» አለ ሙጫ። «በመስኮት በኩል ነው፤ ደስ ይበልህ።»

«ድራሙስ?» አልኩ።

«ዙራችንን ስንጨርስ እንልክልሃለን» አለ ጋሼ፤ ዳቦውን እየቆረሰ።

ምሳ ሳላዝዝ ወጣሁ። አዳራሹ ገብቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ጋሼና ሙጫ እያለከለኩ ደረሱ።

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለ ሙጫ። «አንተ ታፈርሳለህ?»

መፍታቴን ቀጠልኩ። ጋሼ ባዶ እየሆነ የሚሄደውን መድረክ አየ።

«በዚህ ከተማ ሌላ ድራም ከየት ይመጣል?» አለ፤ ድምፁን ለሕዝብ እንደሚያደርገው አለስልሶ። «ተወው በቃ። ነገም አንተው ምታ። ያንን ላጪ እኔ አባርረዋለሁ።»

ያንን ሲል ላጪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለልምምድ የድራም ዱላዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል።

«የምመታልህ የለኝም፣ ጋሼ» አልኩ። ትልቁን ከበሮ ታቅፌ ወደ በሩ ሄድኩ። ላጪው አልተንቀሳቀሰም።

«እኔስ?» አለኝ።

«ቤትህን ከወንድምህ ተረከብ።»

ግራ ጉንጬን አየ። መንገድ ስላልለቀቀልኝ በከበሮው ጎን ገፋ አድርጌው አለፍኩ። ለሲምባሎቹ እንደገና መመለስ ነበረብኝ፤ ስመለስም እዚያው በሩ ላይ ቆሟል።