የሙርዋይክ ድስቶችና የኔብራስካ ማኅተም

አሜሪካ ስድስት ዓመት ተምሬ ወደ ዴንሃግ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ወፍራም ጃኬትና አንድ ካውንቲ። ጃኬቱ ለበረዶ እንጂ ለሆላንድ ዝናብ አልተሠራምና ወዲያው በሰበሰ። ካውንቲው ግን አለ።

ካውንቲ እኛ ወረዳ የምንለው ነው። የእኔው ፔልሃም ይባላል፤ ኔብራስካ ገጠር ውስጥ ከሰው ከብት የሚበዛበት ሜዳ ነው። የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በታሪኩ፣ በሕዝቡና በኢኮኖሚው ላይ ነው። ታሪኩ፣ መሬቱን ፓውኒ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ነጥቀው ለጀርመንና ለቼክ ገበሬዎች አደሉት። ሕዝቡ፣ የገበሬዎቹ ልጆች ማንበብ እንደቻሉ አገሩን ጥለው ሄዱ። ኢኮኖሚው ደግሞ በቆሎ፣ በቆሎውን የሚበላ ከብት፣ ሁለቱን ሲያመርቱ ያረጁትን የሚጦር አንድ የአረጋውያን ቤት ነው። ይህንኑ አስረዝሜ ስጽፈው ዲግሪ ሰጡኝ። ዴልፍት ያለ አንድ ቢሮ ለሥራ ጠርቶኝ "ይህ ለሆላንድ ምን ይጠቅማል?" ሲለኝ፣ እኔም እሱን ለማወቅ እንደጓጓሁ ነገርኳቸው። መልሰው አልደወሉም።

ስለዚህ ሙርዋይክ በሚባለው የዴንሃግ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገባሁ።

ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት አደይ ኣስካለ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ጎልምሰው፣ እዚህ የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልጅ ሆኜ "አንቺ" ነበር የምላቸው። ከአሜሪካ ስመለስ ጨዋ ልሁን ብዬ "እርስዎ" ብላቸው ደነገጡ።

"ምን አደረግሁሽ? ተጣላን እንዴ?"

"አይ፣ ለአክብሮት ነው።"

"አክብሮቱን ለሬሳዬ አቆዪው። አንቺ በይኝ።"

የእድራችን ዕቃ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ከሕንፃው ሥር ባለው ቤርኺንግ፣ ማለትም ብስክሌትና አሮጌ ፍራሽ በሚታጎርበት ክፍል ውስጥ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሮቹና አራቱ ድስቶች ተቀምጠዋል። ድስት ስል ልጅ ገብቶ የሚታጠብበትን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ፣ ሰው ሲሞት፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ ማኅበር ሲደርስ የሚንኳኳው የአደይ ኣስካለ በር ነው። ያንኳኳ ሁሉ ይገባል፤ የገባ ይበላል፤ የበላ ወሬ ይተዋል። ሙርዋይክ ውስጥ ማን እንዳረገዘች ማን እንደተፋታ ሄሜንቴው፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሳይመዘግበው እሳቸው ያውቁታል።

ታዲያ የቤቶቹ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሕንፃው ሊፈርስ ነው፣ ሁላችሁም ወደ ሌላ ቤት ትዛወራላችሁ አለ። ከእድሩ አባላት አንዱ ጋሼ ረዘነም ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር ላይ ቅመምና የስልክ ካርድ የሚሸጡበት ሱቅ ስላላቸው፣ "ከሱቄ ጀርባ ሰፊ ጋራዥ አለ፤ ዕቃው እኔ ጋ ይሁን" አሉ። ለእድሩ ያሰቡ መስለው ነው እንጂ፣ ድስት ሊወስድ የመጣ ሰው በርበሬ ሳይገዛ እንደማይሄድ ያውቃሉ። እድሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሮተርዳሞች ከረዘነ፣ ዴንሃጎች ከኣስካለ። የአምስተርዳም ሰዎች እንደ ልማዳቸው መንገዱ ሩቅ ነው ብለው ሁለቱንም ወቀሱ።

አደይ ኣስካለ ለእኔ ብቻ የነገሩኝ ግን ሌላ ነው።

"አዲሱ ቤት ጠባብ ቢሆንም አጨናንቄ አስገባዋለሁ። ድስቶቹ ከሄዱ ማን ያንኳኳል? የጎረቤት ፓኬት የሚያስቀምጥብኝ የፖስታ ሰውዬ ብቻ። እሱም ፈርሚ ይለኝና ሮጦ ይሄዳል።"

የእድሩ ሊቀመንበር ባዩ፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራና ጠብ ሲያይ ኮቱን አንስቶ የሚወጣ ሰው ነው። የዓመቱ ስብሰባ ሲደርስ ጠራኝ።

"የተማርሽ ነሽ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሰላም የሚያወርድ ነገር ንገሪን።"

"እኔ የማውቀው በቆሎ ነው።"

"በቆሎም ቢሆን። ብቻ አሳጥሪው።"

በኪራይ አዳራሹ ቆሜ ስለ ፔልሃም ነገርኳቸው። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ወዲያው እጃቸውን አውጥተው እዚያ ዲቪ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። ሌላው ላሞቹ ስንት ሊትር እንደሚታለቡ። ላሞቹ ለሥጋ እንጂ ለወተት አይደሉም ስል አዳራሹ አዘነልኝ፤ ስድስት ዓመት ለዚህ?

ከዚያ ግን ወደ ጠቡ ስገባ ወንበራቸውን አስጠጉ። ፔልሃም ውስጥ ሃርመንና ብሉ ክሪክ የሚባሉ፣ ቀበሌ የሚያህሉ ሁለት ከተሞች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ብሉ ክሪክ ነበር። ፍርድ ቤት ባለበት ሰው ይመጣል፣ የመጣ ሰው ይበላል፣ ያድራል፣ ፈረሱን ያስጫማል፤ የካውንቲው ኢኮኖሚ ማለት ይኸው ነበር። ሃርመኖች ቀኑ። አንድ ፋሲካ፣ ብሉ ክሪኮች ቤተ ክርስቲያን ሳሉ በጋሪ መጥተው መዝገቡን፣ የዳኛውን ወንበር፣ ምድጃውን ሳይቀር እሳቱ እየነደደ ጭነው ወሰዱ።

"እሳቱ እየነደደ!" አሉ ጋሼ ረዘነ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ።

"ማኅተሙን ግን አላገኙትም" አልኩ። "የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሚስት ዱቄት ውስጥ ቀብራው ነበር። ሃርመን ላይ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ማኅተም ፍለጋ ብሉ ክሪክ፣ የሴትየዋ ቤት ይመጣ ጀመር። እሷም መጀመሪያ ምሳ ታበላለች፣ ከዚያ ታትማለች።"

አደይ ኣስካለ ከኋላው ረድፍ ቀና አሉ።

ትምህርቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነበር። ሃርመኖች በሁለተኛው ዓመት ኦማሃ ከተማ ልከው አዲስ ማኅተም አስቀረጹ። ወደ ሴትየዋ ቤት የሚመጣ ጠፋ፤ ዛሬ ብሉ ክሪክ አንድ የእህል ጎተራና አንድ የመንገድ ምልክት ነው። ባቡሩም ሁለቱንም ትቶ በሌላ በኩል አለፈ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልል ነበር፣ መጣላት ምን ይጠቅማል? ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳልናገር የኩሽናው በር ተከፈተና ምግብ ደረሰ። ምግብ ከደረሰ በኋላ የታሪክን መጨረሻ የሚሰማ ሐበሻ እስካሁን አልተገኘም። ድምፅም ሳይሰጥ ቀረ፤ ግማሹ በልቶ ባቡር እንዳያመልጠው ሮጠ።

ከስብሰባው በኋላ በሁለተኛው እሑድ ዴንሃጎች ሁሉ ቅዳሴ ናቸው። እኔ ከእግዜር ጋር ስላልተስማማን አልጋዬ ላይ ነኝ። ከታች የብረት ድምፅ ሰምቼ ብወርድ ቤርኺንጉ ተከፍቷል፤ ደጃፉ ላይ አንድ ነጭ የዕቃ መኪና ቆሟል። ጋሼ ረዘነ በእድሩ ትርፍ ቁልፍ ገብተው፣ እርስ በርስ የተሰካኩትን ድስቶች አንድ ላይ አቅፈው ያቃስታሉ።

"ጋሼ ረዘነ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ታሪክ እየሠራሁ።"

"ይሄ እኮ ሌብነት ነው!"

"አስተማሪዬ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ አላልሽም?"

"እኔ የነገርኳችሁ እንዳታደርጉት ነው!"

"እሱን አልነገርሽንም። ምሳ መጣ። በይ ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ፤ ወገቤን ልትገድዪው ነው።"

እዚህ ላይ ስድስት ዓመት አሜሪካ መማሬ ምንም አልጠቀመኝም። ሽማግሌ ሸክም ሲያነሳ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ እናቴ ከሌላው ሁሉ በፊት ያስተማረችኝ ይህን ነው። ያዝኩላቸው። ድንኳኑንና ወንበሮቹንም አሸከምኳቸው። በሩን ስዘጋላቸው "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ፣ ወግ ያለው ባል ይስጥሽ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ማን ምን እንደሰረቀ ማሰብ የጀመርኩት።

አደይ ኣስካለ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሸከሜንም ጭምር። ወደ ቤርኺንጉ ወርደው ባዶውን ወለል ዓይተው ተመለሱ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤታቸው ጠሩኝና የአልጋውን ልብስ ገለጡ። አልጋው ሥር አራቱ ክዳኖች እንደ ጦረኛ ጋሻ ተደርድረዋል።

"ከስብሰባው እንደተመለስኩ ነው ያወጣኋቸው" አሉ። "ማኅተሙ እኔ ጋ ነው።"

ብዙ አልቆየም፤ ሻርሎይስ ላይ እማማ ውድነሽ አረፉ። በዘጠና ዓመታቸው፣ ሁሉንም ሰው ሰድበው ስለጨረሱ፣ ለቅሶው ደርዝ ያለው ነበር። የእነዚያን ድስቶች አፍ የሚያህል ክዳን ግን ሮተርዳም ሱቅ ውስጥ የለም። ጋሼ ረዘነ መጀመሪያ ፎይል ሞከሩ፤ እንፋሎቱ ቀደደው። ቀጥለው የቁም ሳጥን በር ነቅለው ከደኑበት፤ ወጡ ቀለም ቀለም አለ፤ ለቀስተኛ ሁሉ ስለ ሟች ሳይሆን ስለ ወጡ አለቀሰ።

በማግስቱ የአደይ ኣስካለ በር ተንኳኳ። ጋሼ ረዘነ ከባቡር ወርደው፣ ዝናብ መትቷቸው ቆመዋል።

"ክዳኖቹን" አሉ።

"መጀመሪያ ግባ። ጫማህን አውልቅ። ምሳ በልተሃል?"

"ኣስካለ፣ ሬሳ እየጠበቀኝ ነው።"

"ሬሳ አይቸኩልም። ተቀመጥ።"

በሉ። ስለ እማማ ውድነሽ ልጆች ጠብ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ አደይ ኣስካለ ፊታቸው በራ። ከዚያ ሁለት ክዳን አውጥተው ሰጧቸው።

"አራት ናቸው እኮ!"

"ሁለቱን እነዚህን ስትመልስ ትወስዳለህ። ታጥበው ይምጡ።"

ጋሼ ረዘነ ክዳኖቹን በብብታቸው እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙና በጥርጣሬ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዮሃና፣ አንቺ የተማርሽው። እነዚያ ሃርመኖች በመጨረሻ በማኅተሙ ነገር እንዴት ሆኑ? መቼም አንድ ዘዴ አላጡም።"

አደይ ኣስካለ ሳህኑን ማንሳት ትተው አዩኝ። በስልክ ሁለት ጊዜ ነካ ቢያደርጉ የትኛውም ልክ ያለው ክዳን ከቻይና እንደሚመጣ እኔ አውቃለሁ፤ ኦማሃንም አውቃለሁ፤ የእህል ጎተራውንም ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ጽሑፌ ውስጥ አለ።

"ምንም ዘዴ አላገኙም" አልኩ። "እስከ ዛሬ ይመላለሳሉ።"

"ወይ አሜሪካ!" አሉ ጋሼ ረዘነ፣ ክዳኖቹ እየተንኳኩባቸው ደረጃውን ሲወርዱ።