ዳቦ የምትበላዋ ሴት

ፀጉር ሠሪዋ ስለ ፎቶው የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። ደንበኞቿ፣ ጎረቤቶቿና የባሏ ዘመዶች ቀድመው አይተውታል። በአውቶቡስ መናኸሪያው አዳራሽ ውስጥ፣ የሰው ቁመት አክሎ ተሰቅሏል። አንዲት ሴት የሆስፒታል ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦ ትበላለች። ከሥሩ «እፎይታ» ይላል።

ሴትየዋ እሷ ነበረች። ፎቶውን የተነሳችው ባሏ የሞተ ዕለት ጠዋት ነው። ሐኪሙ ሞቱን ካረዳት በኋላ ወጥታ ደረጃው ላይ መቀመጧን ታስታውሳለች፤ መብላቷን ግን አታስታውስም።

አማቷ ወሬው ሲደርሳቸው ፀጉር ቤቱ ድረስ መጡ። የመጨረሻዋ ደንበኛ እስክትወጣ ጠብቀው፣

«የልጄ ገላ ሳይቀዘቅዝ ዳቦ በጉሮሮሽ ወረደልሽ?» አሏት።

«መሰለኝ፣ እማዬ።»

«መሰለኝ?»

«ፎቶው ላይ አለ ይላሉ።»

እንድትክድላቸው፣ ቢያንስ እንድታለቅስላቸው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በየመጠናቸው እየለየች ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ሰው ሲያለቅስ ውሃ ታቀብላለች፣ ሲስቅ ፈገግ ትላለች፤ ውስጧ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ቢረግጡትም የሌላ ሰው ይመስላል።

«በይ ተነሺ» አሉ አማቷ። «ይሄን ፎቶ ያነሳውን ሰውዬ ላግኘው።»

ፎቶ አንሺው ከመናኸሪያው ጀርባ ጠባብ ክፍል አለችው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ወንበር አቀረበላቸው፤ አማቷ ግን አልተቀመጡም።

«ማን ፈቀደልህና ነው የሰው ፊት ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው?»

«እናቴ፣ መንገድ ላይ ለማንሳት ፈቃድ አያስፈልግም። ደረጃው የሁሉም ነው። መንገደኛው ሁሉ የሚያየውን ነው ያነሳሁት። ሕጉም አይከለክለኝም።»

«መንገደኛ አይቶ ያልፋል። አንተ መች አለፍክ?»

 ሰውየው ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረ። እሷም፣

«ምኔን አይተው ነው ያነሱኝ?» አለችው።

«ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እርስዎ ብቻ የማይቸኩሉ መሰሉኝ። ያረፈ ፊት ነበር። እንዲህ ያለ ፊት ስፈልግ ኖሬያለሁ።»

«ባሌ ሞቶ ነው» አለች፣ አውቶቡስ አምልጦኝ ነው በምትልበት ድምፅ።

ሰውየው ባቀረበው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። «አሁኑኑ አወርደዋለሁ» አለ።

«ቆይ» አሉ አማቷ። «እኔ መች አየሁት? ሰው ነው የነገረኝ።»

ሦስቱም ወደ አዳራሹ ሄዱ። ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች በመካከላቸው ያልፋሉ። አማቷ ዓይናቸው ደከም ስላለ አፍንጫቸው ፎቶውን ሊነካ ደረሰ። ከሴትየዋ ጉልበት ላይ እጀታው በክር የታሰረ ምሳ ዕቃ አለ።

«ይሄ የኔ ምሳ ዕቃ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ለሱ የላኩለት ነው። ዳቦውም የርስዎ ነው።»

«ሳይቀምሰው?»

«አልቻለም። በዋዜማው ማታ ‹አንቺ ብዪልኝ፣ ከተመለሰ እማዬ ትቀየማለች› አለኝ።»

አማቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እሷ አጠገባቸው ቆመች። የሷም እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልመጣም።

«ላውርደው?» አላት ፎቶ አንሺው በዝግታ።

ፎቶውን ቀና ብላ አየችው። የምታውቃት ሴት አልመሰለቻትም።

«ለኔ ያው ነው። እሳቸውን ይጠይቁ።»

«አውርደው» አሉ አማቷ ከነጠላቸው ውስጥ። «እፎይታ አይደለም።»

«ጽሑፉን ልለውጠው እችላለሁ፣ እናቴ።»

«ምን ልትለው?»

 ፎቶ አንሺው መሰላል አምጥቶ ሊያወርደው ወጣ፤ ፀጉር ሠሪዋ እንዳይንሸራተት መሰላሉን ያዘችለት።

ሲወጡ አማቷ ክንዷን ተደገፉ። «ዛሬ እኔ ጋ ነው የምታድሪው» አሏት። እሺ ብላ ሄደች። ያቀረቡላትን ሁሉ በላች፤ ጣዕሙ ግን አልታወቃትም።