የእንጦጦና የቀበና ተማሪዎች ቀለብ

ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ካደረጉ ወዲህ የዜማ መምህሩ የአባይነህ ጎጆ በተማሪ ተጨናነቀ። ወታደር አባቱን ተከትሎ ከመንዝም ከቡልጋም የመጣው ልጅ እሱ ዘንድ ገባ። ቀለቡ ግን አልጨመረም። የአካባቢውን አድባራት እህል የሚያከፋፍሉት አለቃ ፀሐዬ ለእንጦጦውም፣ ቁልቁል ቀበና ወንዝ ዳር ላለው ትምህርት ቤትም በየወሩ እኩል ሁለት ሁለት ጫን ገብስ ያሰፍሩ ነበር። የቀበና ተማሪዎች ደግሞ የአባይነህን ሲሶ እንኳ አይሞሉም።

ክረምቱ ሲገባ አባይነህ ግማሾቹን ሊያሰናብት ቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን የቀበናውን መምህር የኔታ ወልደ ሐዋርያትን ሊያነጋግር ወረደ። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሳያማክራቸው አለቃ ዘንድ መሄዱ ከእጃቸው ጉርሻ እንደ መንጠቅ ሆኖ ታየው።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የመጣህበትን አውቃለሁ፤ ስለ ገብሱ ነው» አሉት።

አባይነህ አንገቱን ደፋ። «የኔታ፣ አንቱን ላስርብ አልመጣሁም። ልጆቹ ግን በእፍኝ ቆሎ ነው ውለው የሚያድሩት።»

«ለምነው አያመጡም?»

«ማን ይሰጣቸዋል? ዙሪያው የወታደር ድንኳን ነው፣ እሱም የተራበ። ብርዱም ከባድ ነው፤ ማገዶ ከሩቅ ነው የሚመጣው።»

«የኔዎቹ ግን ከገበሬው ከኢዶሳ ደጅ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም።» ትንሽ አሰቡ። «ከእኔ ይቀነስና ለአንተ ይጨመር። የተቀነሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር፣ ና አለቃ ዘንድ አብረን እንሂድ።»

አለቃ ፀሐዬ ሁለቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ልትካሰሱ ነው?»

«የለም» አሉ የኔታ። «በደብር መሰፈሩ ቀርቶ በተማሪ ቁጥር ይሰፈር። የእንጦጦው ልጅ ለምኖ ስለማያገኝ ደግሞ ጥቂት ይታከልለት።»

አለቃ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እስከ ዛሬ ድርሻውን ያልነካሁት አንዳችሁ ይከሰኛል ብዬ ነው። ከተስማማችሁማ ምን ከፋኝ? ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲያው ይሁን።»

አባይነህ የሁለቱንም ጉልበት ስሞ ወጣ። ዳገቱን ሲወጣ የሚመታው ዝናብ አልታወቀውም። የሚያሰናብታቸውን ልጆች በልቡ መርጦ ነበርና አሁን ስማቸውን ሊረሳ ሞከረ። ጎጆው ሲደርስ ልጆቹ እያዜሙ ነው። አንደኛው ዜማውን ሳተ። አባይነህ ሳቁ መጣ፤ እርጥብ ጋቢውን አራግፎ ሊያርመው ገባ።