የጤነኞቹ ሳጥን

በቤተ ሙከራው አይጦቹን የምትመረምረው ሴትዮ በጣቷ ትመካ ነበር። ሰውነታቸው የገዛ ነርቫቸውን እንዲያጠቃ መርፌ የተወጉትን አይጦች ጠዋት ጠዋት እያነሳች ጅራታቸውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ትዳስሳለች። ጤነኛ ጅራት ይታገላል፤ በሽታው የጀመረው ግን እንደ እርጥብ ክር ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ የኋላ እግር ይከተላል። ሌሎቹ አፍጥጠው የሚለዩትን ጅራት እሷ ዓይኗን እግራቸው ላይ ተክላ በጣቷ ብቻ ትለየዋለች። ዓይን ይሸወዳል እያለች አዳዲስ ተቀጣሪዎችን ቁም ስቅላቸውን ታሳያቸው ነበር።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በታላቅ እህቷ ምክንያት ነው። እህቷን እንዲህ ያለው በሽታ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አውሏታል። ሲጀምራት፣ «እህት ዓለም፣ ጓንት ሳላደርግ ጓንት ያደረግሁ ይመስለኛል» ብትላት እንደ ቀልድ ሰምታ ስቃባት ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ደም ነን፣ ነገ የእኔ ተራ ይሆን የሚል ፍርሃት አልለቅ ብሏታል። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ያን ዕለት ጠዋት የበሽተኞቹ ጅራት ሁሉ ዝሎ አገኘችው፤ የሚጠበቅ ነው። ቀጥላ ምንም ያልተወጉት ጤነኞች ወዳሉበት ሳጥን አለፈች። የመጀመሪያዋን ብታነሳ ጅራቷ ልፍስፍስ አለባት። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንደዚያው። መርፌው ተምታቶ ከሆነ የስንት ወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ምናልባት ጓንቱ ወፍሮ ይሆናል ብላ በስስ ቀየረችው፤ ለውጥ የለም። አለቃዋን ጠራችው።

አለቃዋ ቀልድ አያጣም። ጤነኞቹም አድማ መቱ ወይ እያለ መጣና አንዷን አነሳ። ጅራቷ ጣቱ ላይ ጥምጥም አለ። ሌላዋንም ቢያነሳ ያው ነው።

«ምን ነካሽ? ከእኔና ከአንቺ ይልቅ ጤነኞቹ እነዚህ ናቸው» አላት።

አይጧን ተቀብላ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን ጅራቱ ላይ ተከለች። ጅራቱ በሌባ ጣቷ ላይ ሲጠመጠም አየች። ምንም ግን አልተሰማትም።

በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። አይጧን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ጓንቱን ላጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና በባዶ እጇ ደግማ አነሳቻት። ክልክል እንደሆነ ለሌሎቹ ስንቴ የጮኸችው እሷ ነበረች። ጅራቱ ተጠመጠመ።

«ጓንቱን አውልቄዋለሁ?» አለችው፣ እጇን እያየች።

አለቃዋ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው።

«አውልቀሽዋል» አላት።