የተቃጠለው አጥር

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ያደረገው፣ ግሌኒስ ፖሊስ ትጠራ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። ችግሩ ያደረጉት ደግ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ያውም ኬክ ጋግረው። በደግ ሰው መናደድን የመሰለ አድካሚ ነገር የለም።

ጫካው ትንሽ ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዳገቱ ላይ ያለ፣ ሰው ብዙም ሳይደክመው ዞሮ የሚጨርሰው ቦታ ነው። ግሌኒስና ባሏ ኤምሪስ ጡረታ እንደወጡ ለሽርሽር የሚጎትቷትን የመኪና ቤት ሸጠው ገዙት። ዘመድ ሁሉ ጉድ አለ። ሌላው በዚያ ዕድሜው ስፔን ሄዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እነዚህ ጭቃ ይገዛሉ! ኤምሪስ ግን ዕድሜ ልኩን የሰው አጥር ሲያጥር፣ የሰው ዛፍ ሲገርዝ የኖረ ሰው ነበርና የራሴ የሚለው ዛፍ አማረው። ገና ሥራውን ሳይጀምረው ልቡ ከዳው። አንድ ቀን ጠዋት ቦት ጫማውን ሲያስር ወደ ጎን አዘነበለ፤ በቃ።

በዚያ ጫካ የሚበዛው ሄዝል የሚሉት፣ ለውዝ መሰል ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ጠባዩ እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሲቆርጡት አይሞትም፣ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እንዲያውም የሚገድለው ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። ግንዱ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻ በገዛ ክብደቱ ይገነጠላል። የድሮ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በየተራ እየቆረጡ አኖሩት። ያሁኑ ሰው ዛፍ የሚያውቀው በመስኮት ነው፤ መጋዝ ሲሰማ ነፍስ የጠፋ ይመስለዋል።

ከሁሉም ኤምሪስ የሚሳሳላት መሃል ላይ ያለች አንዲት ሄዝል ነበረች። ጉቶዋ ብቻውን የምግብ ጠረጴዛ ያህላል። «አሮጊቷ» ነበር የሚላት። «ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት የነበረች ናት እኮ» ይላል፣ እናቱን ያስተዋወቀ ያህል። ከዓለም ጦርነቱ ወዲህ መጋዝ ነክቷት አያውቅም፤ ግንዶቿ ወዲያና ወዲህ ተንጋደው መሰንጠቅ ጀምረዋል። «ካልቆረጥናት ትገነጠላለች። ከቆረጥናት በኋላ ደግሞ ቡቃያዋን አጋዘን ከበላው አለቀላት፤ በዚህ ዕድሜዋ ሁለተኛ አቅም የላትም» ብሎ ነበር። ግሌኒስ ይህን አደራ ይዛ ቀረች።

በብርዱ ወራት ብቻዋን ገባችበት። መሃል ያሉትን ዛፎች በሙሉ ከሥራቸው ቆረጠች፤ አሮጊቷን የቆረጠች ለት መጋዙን ሁለቴ አስቀምጣ አነሣች። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ሁሉ እያጠላለፈች ዙሪያውን ከራሷ በላይ የሚረዝም አጥር ሠራች። እሾህ እየወጋት፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ ማንንም እርዱኝ ሳትል ጨረሰችው። አጋዘን አይዘለውም፣ አይሾልከውም። ከዚያ ልጇ ካርዲፍ ከተማ ውስጥ ወለደችና ልታርሳት ሄደች። በሩ ላይ «የግል ቦታ ነው፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቸንክራ ነበር የሄደችው።

በግንቦት ስትመለስ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ ጠበቃት። ከፊት የቆመችው ፓሜላ ነበረች፤ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤትም በላይ ጓደኛዋ። ኤምሪስ የሞተ ሰሞን ከአልጋ ጎትታ እያስነሣች ሾርባ ያበላቻት እሷ ናት። አጠገቧ ናይጄል ፔርሙስ ይዞ ይስቃል። ናይጄል ባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ የሚያዝዘው ሰው ስላጣ የመንደሩን የአረንጓዴ ኮሚቴ አቋቋመ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለች ፓሜላ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጨፍኚ አልኩሽ እኮ፣ ሆዴ! ናይጄል፣ ክንዷን ያዛት፣ ጭቃው እንዳይጥላት።»

ጨፈነች። እንደ ሙሽራ እየደገፉ አስገቧት። ክፈቺ ሲሏት ከፈተች፤ ሰውም አጨበጨበ።

አጥሩ የለም። አጥሩ በነበረበት ቦታ ክብ ጥቁር አመድ አለ። በጉቶዎቹ መሃል የፕላስቲክ ቱቦዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ ናይጄል ገመድ ዘርግቶ ነው ያስተካከላቸው። በየቱቦው ውስጥ አንድ አንድ ችግኝ አለ።

«አያችኋት፣ ቃል አጣች!» አለ ናይጄል፣ ደስ ብሎት።

ግሌኒስ ክንዷን ነጥቃ ወደ አሮጊቷ ሄደችና ተንበረከከች። ጉቶዋ በሚያዝያ አቆጥቁጣ ነበር። የቡቃያው ሥር አለ፤ ጫፉ ግን አንድ ሳይቀር እንደ ታኘከ መፋቂያ ሆኗል። ዙሪያዋን የአጋዘን ኮቴና በጠጥ ሞልቶታል። ሌሎቹንም ጉቶዎች አየች፤ ሁሉም ያው ናቸው።

«አጥሬስ?» አለች ሳትነሣ።

«የቱ አጥር?» አለ ናይጄል። «ያ የጭራሮ ክምር? እሱንማ አቃጠልንልሽ! ግማሽ ቀን ፈጀብን። ልጆቹ ድንች ጠበሱበት።»

«አቃጠላችሁልኝ።»

«ችግኙን ለማስገባት መንገድ ዘግቶብን ነበር። ደግሞም፣ ይቅር በይኝና፣ ለዓይንም ደስ አይልም ነበር።»

ፓሜላ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ ድምጿን በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው ዝቅ አደረገች።

«ግሌን፣ አትፈሪ። ማንም አልፈረደብሽም። ሐዘን ሰውን ብዙ ነገር ያደርገዋል። ያን ሁሉ ዛፍ ቆራርጠሽ ስትሄጂ፣ ምስኪን ምን ያህል ብትጎዳ ነው ብለን አለቀስን። ስለዚህ ሳትመጪ እንጠግንላት ተባባልን።»

ግሌኒስ በዚያ መንደር ሠላሳ ዓመት ስትኖር ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ዕለት አወጣችው።

«አበደች ነው የምትይው?»

«ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም...»

«ብለሻል! ሁላችሁም ብላችኋል! ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሥራ ነው የሠራሁት! ሄዝል ተቆርጦ ነው የሚኖረው! አጥሩ አጋዘን እንዳይገባ ነበር፤ እናንተ አጋዘኑን በር ከፍታችሁ ጋበዛችሁት! ይቺን ግንድ ስንት ትውልድ ጠብቋት ኖሯል መሰላችሁ? እናንተ ግን ድንች ጠበሳችሁባት!»

እርስ በርስ ተያዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ይቅርታ ይቅርታ እያሉ አጉረመረሙ። በዚያ አገር ይቅርታ እግሩን የረገጥከው ሰው ራሱ የሚልህ ቃል ነው፤ ምንም አይመዝንም። አንዲት ሴትዮ የኬኩን ሣጥን እያነሣች፣ «ለቤት ትንሽ ቆርጬልሽ ልሂድ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ግሌኒስ ገላምጣ አየቻትና ሴትዮዋ ክዳኑን ገጥማ ወጣች።

ብቻዋን ስትቀር ችግኞቹን መንቀል ጀመረች። አንዱን ነቅላ በጋሪ ላይ፣ ሌላውን ነቅላ በጋሪ ላይ። የችግኙ ጥፋት አልነበረም፤ እሷም ታውቃለች፣ ግን ያን ሰዓት ለማንም የሚተርፍ ርኅራኄ አልነበራትም። በየቱቦው የተከለው ሰው ስም በካርድ ተንጠልጥሏል። መጨረሻ ላይ አንዱ ካርድ «ለኤምሪስ፤ ከፓም» ይላል። ለኤምሪስ! ያ ሁሉ ሄዝል በእጁ ያለፈ ሰው፣ በፕላስቲክ ቱቦ! አለቀሰች፤ ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በማግስቱ ማለዳ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ፓሜላ ግቢ ገባች። የፓሜላን ሣር መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። አንድ አረም የለበትም፣ በማሽን ተከርክሞ መስመር መስመር ወጥቶለታል፣ እንግዳ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጎ ከመጣ ዳር ዳሩን ይሂድ ይባላል። ግሌኒስ ልክ መሃሉ ላይ አካፋዋን ተከለች። ቆፈረች፣ ችግኝ አስገባች፣ በእግሯ ጠቀጠቀች፣ ወደሚቀጥለው አለፈች። መስመሩ እንዳይዛነፍ ገመድም ዘርግታለች።

ፓሜላ በሌሊት ልብሷ እየሮጠች ወጣች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየጠገንኩልሽ።»

«ሣሬን! ግሌኒስ፣ አካፋውን ስጪኝ! ምን ያህል እንደለፋሁበት አታውቂም እንዴ? ማን ግቢ ብሎሽ ነው?»

«ተቆርጦ ሳየው አዘንኩልሽ። ያን ሁሉ ሣር ስትቆርጪው ምን ያህል ብትጎጂ ነው አልኩ።»

ፓሜላ አካፋውን ያዘች፣ ግሌኒስም አልለቅም አለች። ሁለት የሸበቱ ሴቶች በአንድ አካፋ ተጓተቱ። ማዶ ያለው ጎረቤት መጋረጃውን ገለጥ አደረገ፤ ያ አገር ሆኖ እንጂ ወጥቶ ይገላግል ነበር።

«ብትነግሪኝስ!» ጮኸች ፓሜላ። «አንድ ቀን እንኳ ቤቴ መጥተሽ፣ እንዲህ ልሠራ ነው ብለሽኛል? ኤምሪስ ከሞተ ወዲህ በርሽን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ገብተሽ ዛፍ ስትጥይ ነው የምንሰማው! መግባት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ሰቅለሽ! ማንን ልጠይቅ፣ ሰሌዳውን?»

«ስልክ የለሽም?»

«ስልክሽን ታነሺያለሽ?»

ግሌኒስ አካፋውን ለቀቀችው። ይህ እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም ንዴቷ አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰበት። ሰው ተሳስቶ ሳለ እውነት ሲናገር ከማየት የከፋ ምን አለ?

«ጉቶዎቹ ገና አቅም አላቸው፤ አጥሩ አሁኑኑ ካልቆመ ግን የሚቀጥለውንም ቡቃያ አጋዘን ይበላዋል» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ዛሬውኑ ናይጄልንም ሁሉንም ይዘሽ ነይ። ጓንት አድርጉ። ኬክ ይዛችሁ እንዳትመጡ።»

መጡ። ግሌኒስ ሰላም እንኳ አላለቻቸውም፤ ገጀራ አደለቻቸው። ከጫካው ዳር ቅርንጫፍ እያስቆረጠች፣ አመዱ ላይ አዲስ አጥር አስጠለፈቻቸው። ናይጄል ኮሚቴውን በሁለት ንዑስ ኮሚቴ እንክፈለው ሲል፣ «አንተ ተሸከም» አለችው፤ ተሸከመ። እሾህ ሲወጋቸው እሰይ አለች በልቧ። ፓሜላ የጠለፈችውን አፍርሳ ሦስቴ ድገሚ አለቻት፤ ፓሜላም ጥርሷን ነክሳ ደገመች። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነው አጥሩ ቆመ።

ሐምሌ ሲገባ ጉቶዎቹ አንድ በአንድ እንደገና አቆጠቆጡ። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከነገ ወዲያ፣ ቅጠላቸው እንደ ሕፃን ጆሮ ለስላሳ። አሮጊቷ ግን ዝም አለች። ግሌኒስ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ቅርፊቷን በጥፍሯ ትጭራለች፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ካለ ብላ። አንድ ቀን ቅርፊቱ ሳትጭረው እንደ ራሰ ካርቶን ተላቀቀና እጇ ላይ ቀረ። ውስጡ ቡናማ ነበር።

ፓሜላ አጥር ልታይ መጥታ ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ምን ሆነች?»

«ሞተች።»

«ምናልባት ለከርሞ...»

«ሞተች አልኩሽ፣ ፓም። እናንተ ናችሁ የገደላችኋት።»

ፓሜላ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀችው። ወደ ጉቶዋ ቀረብ ብላ እጇን ልታሳርፍባት ዘረጋችና ተወችው። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

«ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም።»

እንዲህ ሲሆን «ምንም አይደለም» ይባላል፤ የሚጠበቀው ያ ነው። ግሌኒስም ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረች ሴት ናት። ግንቧን በመኪና ለደረመሰው ብላለች፣ ለኤምሪስ ዘግይቶ ለደረሰው ሐኪም ሳይቀር ብላለች። አሁንም ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«በዚያ ማዶ አጥሩ ላልቷል» አለች። «ሂጂና አጥብቂው።»

ፓሜላ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ሄደች፤ አጠበቀችው።