ውኃ የጠገበው ዘንግ

የደን ጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢ ሥራዋ እንጨት መመዘን ነው። እናቷ እንኳ ለጎረቤት ማስረዳቱ ቢያስጨንቃት፣ "ልጄ ቢሮ ነው የምትውለው" ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከቢሮው ጀርባ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በሁለት የሽቦ ሹካ ላይ የተጋደመ ዘንግ አለ። ጨርሶ ሲደርቅ መቶ ግራም ይመዝናል። አየሩ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይቀላል። ወደ መቶ አምስት ከወረደ ጫካው ክብሪት ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ያን ሰሞን ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል። የረገፈው ቅጠል ከእግር ሥር እንደ ደረቅ ዳቦ ይንኮሻኮሻል። ዘንጉ ግን መቶ ሠላሳ ሁለት አለ። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ቀየረችው፤ መቶ ሠላሳ አራት።

ዓርብ ዕለት ኃላፊው ዘንድ ገባች። ኃላፊው በማግስቱ ሠራተኛውን ጫካ ወስዶ ሥጋ ሊያስጠብስ፣ ፈቃዱን ራሱ ለራሱ ፈርሟል።

"ጌታዬ፣ ቅጠሉን በእጄ ሳሸው ዱቄት ሆነ። አድርቄም መዘንኩት፤ ያለው ውኃ ከመቶ ስድስት እጅ አይሞላም።"

"ዘንጉስ ምን አለ?"

"ዘንጉማ ርጥብ ነው ይላል።"

"ዘንጉ ሃያ ዓመት አገልግሏል፤ አንቺ ገና ሁለት ዓመትሽ ነው" አላትና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወጣች። ነገሩ ግን አላስተኛትም። ዘንጉን የሚያረጥበው ምን እንደሆነ ልታይ ቅዳሜ በማለዳ መጥታ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ተሸሸገች። ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አትክልተኛ፣ ማጠጫቸውን አንጠልጥለው መጡ። ዘንጉ ላይ ጎንበስ አሉ።

"እንዴት አደርሽ የኔ ምስኪን? ዛሬስ አንዲት ቅጠል ታሳይኛለሽ?" እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራሱት።

"ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?"

"ውይ፣ አስደነገጥሽኝ! ችግኝ እያጠጣሁ ነዋ። የትኛው ሰነፍ እንደሆነ እንጃ፣ አጋድሞ ተክሏት ሥሯ መሬት እንኳ አልነካ። አንጀቴን በላችኝ። ባለፈው ሳምንት ማዳበሪያም በጥብጬላታለሁ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ መለኪያ ነው። የሞተ እንጨት ነው።"

"ሞታለች?" ማጠጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ከመቼ ወዲህ?"

"ከሃያ ዓመት ወዲህ።"

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን የኃላፊው ሽርሽር ትዝ አላት። አካፋ ይዘው ተከታትለው ሮጡ።

ሲደርሱ ኃላፊው ሽርጥ ታጥቆ ከሰል እያራገበ ነው። "ያጥፉት!" ብላ ሳትጨርስ ነፋስ አንዲት ፍም አንስቶ ቅጠሉ ላይ ጣለ። እሳቱ ከቅጠል ወደ ቅጠል እንደ ሐሜት ተዛመተ።

"ርጥብ ነው እኮ! ርጥብ ነው እኮ!" እያለ ኃላፊው በሁለት እግሩ ይረጋግጠዋል። የሱሪው እግር ግን ሲጨስ ታየ። ሾፌሩ ለግብዣ የመጣውን ለስላሳ ጠርሙስ በጠርሙስ ደፋበት፤ አትክልተኛው አፈር አለበሱት፤ እሷ በለምለም ቅርንጫፍ ቀጠቀጠችው። የአንድ አልጋ ስፋት ያህል አቃጥሎ ጠፋ።

ኃላፊው ጉቶ ላይ ተቀምጦ የተቃጠለውን የሱሪውን እግር አራገፈ። አትክልተኛው ያደረጉትን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። መቆጣት ፈለገ፤ ሱሪውን አየና ተወው።

"ማዳበሪያም?" አለ ብቻ።

"ጥሩውን ነው የሰጠኋት፣ ጌታዬ።"

እዚያው ጉልበቱ ላይ የመዝጊያ ትእዛዝ ጽፎ፣ አንብቢው ብሎ ለመዝጋቢዋ ሰጣት። ጫካው ዝናብ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ተዘጋ። ሥጋው በቢሮው ወጥ ቤት ተጠበሰ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ያን ቀን ግን ደፍሮ የተናገረ ሰው አልነበረም።